የቸኮሌት ዳቦ በቤት፦ ሊጡ ለምን ያስቸግራል? ምንስ ይሻለዋል?

ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ያለበት ዳቦ ብዙም አያስቸግርም። ትንሽ ቢሞቅ፣ ትንሽ ቢቆይ ዳቦነቱ አይቀርም። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳርና ቸኮሌት ሲገቡበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል። ኩፍ በል ቢሉት እምቢ ይላል። ኦቨን ሲገባ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ከሥሩ የቀለጠ ቅቤ ተንጣሎ ይገኛል።

ይሄኔ ብዙ ሰው እርሾውን ይጠረጥራል። «ጊዜው አልፎበት ይሆናል» ይላል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እርሾው ደህና ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ይህንን ዳቦ የሚያጣፍጡትና የሚያለሰልሱት ነገሮች በሙሉ የሊጡን ሥራ የሚያደናቅፉ ናቸው። ስለዚህ መጠን አውቆ መመዘን ብቻውን አይበቃም። የትኛው ቀድሞ እንደሚገባና ሊጡ በምን ያህል ሙቀት እንደሚቀመጥ ካላወቅን ምርጥ የተባለው አሠራር እንኳ ያስቀናል እንጂ አይሠራልንም።

ስኳር፦ እርሾው የሚበላውም የሚያደክመውም

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳር ይበላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ሊጡን ይነፋዋል። ታዲያ ስኳር ሲበዛለት ለምን አይበረታም? ጉዳዩ የውሃ ነው። ስኳር ውሃ ይስባል። ሊጡ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ከእርሾው ሴል ውስጥ ሳይቀር ውሃ መጥጦ ያወጣል። እርሾው አይሞትም፤ ግን ይደክማል።

ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉን ነገር የሚያሰሉት ከዱቄቱ ክብደት ተነሥተው ነው። ዱቄቱን 100 ይሉታል፤ ሌላው ከዚያ አንጻር ይለካል። በዚህ ስሌት ስኳሩ ከ10 ሲያልፍ እርሾው መንቀርፈፍ ይጀምራል። 20 አካባቢ ሲደርስ መዘግየቱ በግልጽ ይታያል። ለጣፋጭ ሊጥ ተብሎ የሚሸጥ፣ ስኳር የሚችል ደረቅ እርሾ አለ። ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ተራው ይሠራል። ብቻ አታጣድፉት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቀረፋም እርሾን ያዳክማል። ቀረፋ የምትወዱ ከሆነ ከዱቄቱ ጋር አትቀላቅሉት፤ ከቸኮሌቱ ጋር በመሐል ይግባ።

ቅቤ ለምን መጨረሻ ይገባል?

ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ይያያዛሉ። ሲታሽ ደግሞ ይበልጥ ተያይዘው ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሆናሉ። የእርሾውን ጋዝ ይዞ የሚያስቀረው ይህ መረብ ነው። እሱ ከሌለ ጋዙ ወጥቶ ይሄዳል፣ ዳቦውም ድፍን ይሆናል።

ቅቤ ከመጀመሪያው ከገባ ፕሮቲኖቹን በስብ ይለብጣቸዋል። ውሃው በደንብ ሳያገኛቸው፣ እርስ በርሳቸውም ሳይያያዙ ይቀራሉ። ብስኩት በቅቤ የሚፈረፈረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብስኩት ላይ የምንፈልገው ነገር ዳቦ ላይ ጠላታችን ነው። ስለዚህ ሊጡ መጀመሪያ ያለ ቅቤ ይታሻል። መለጠጥ ከጀመረ በኋላ ብቻ ቅቤው በትንሽ በትንሹ ይጨመራል።

ይህች ደረጃ ሰው የምታስደነግጥ ስለሆነች ቀረብ ብለን እንያት። ሊጡን አሽታችሁ ለስልሷል፤ ከሳህኑም መላቀቅ ጀምሯል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ቅቤ ትጨምራላችሁ። ሊጡ ወዲያው ይንሸራተታል፣ ይቆራረጣል፣ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። «በቃ ተበላሸ» ያሰኛል። አልተበላሸም። ማሸታችሁን ቀጥሉ። ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ቅቤውን ውጦ መልሶ ይሰበሰባል። ከዚያ ሁለተኛው ቁራጭ ይገባል፤ እንደገና ይበታተናል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ቅቤው አልቆ ሊጡ አብረቅርቆ ሲታይ ደርሷል ማለት ነው። እዚህ መሐል ላይ ደንግጦ ዱቄት የሚጨምር ሰው ዳቦውን በገዛ እጁ አደረቀው። የዚህ ዓይነት ሊጥ መጣበቅ ጠባዩ ነው። የሚያስተካክለው ፍሪጅ እንጂ ዱቄት አይደለም።

የቅቤው ሁኔታም ወሳኝ ነው። የቀለጠ አይሆንም፤ ድንጋይ የሆነም አይሆንም። በጣት ሲጫኑት እሺ የሚል፣ ግን ያልፈሰሰ መሆን አለበት። 18 ወይም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ልኩ ነው።

መታሸቱን ለማወቅ ጥቂት ሊጥ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ገለፈት ከሆነ በቅቷል። ቶሎ ከተበጠሰ ገና ነው። በሚክሰር ከሆነ ቅቤውን ጨምሮ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በእጅ ከሆነ ከዚያ ይበልጣል፤ ክንድም ይፈልጋል።

እንቁላልና ወተት

እንቁላል ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። ስለዚህ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። አስኳሉ ስብ አለው፤ ስብና ውሃን የሚያዋሕድ ሌሲቲን የሚባል ነገርም አለው። ያ ሁሉ ቅቤ ሊጡ ውስጥ ተረጋግቶ እንዲቀመጥ የሚረዳው እሱ ነው። ነጩ ደግሞ ሲጋገር ይጠነክርና ዳቦውን ያቆመዋል፤ ሲበዛ ግን ያደርቃል። ዳቦው ይበልጥ እንዲለሰልስ የሚፈልግ ሰው ሙሉ እንቁላል ከሚጨምር አስኳል ብቻ ቢጨምር ይሻለዋል።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የዳቦ እርሾ ይህን ስኳር መብላት አይችልም። ስለዚህ እንዳለ ይቀርና ኦቨን ውስጥ ላዩን ያቀላዋል። የወተት ፕሮቲኖችም ግሉተኑን ትንሽ ያላላሉ። ወተቱን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይህን ይቀንሰዋል። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም ምንም አያስወጣም፤ ማድረጉ አይከፋም። ሲፈላ ስለሚቀንስ ከቀዘቀዘ በኋላ መዝኑት። ትኩስ ወተት እርሾ ላይ እንዳታፈሱ ብቻ ተጠንቀቁ። እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ መሞት ይጀምራል። ለብ ያለ ይበቃል። ሚክሰሩ ራሱ ሊጡን ስለሚያሞቀው ቀዝቃዛ ወተት መጠቀምም ይቻላል።

መጠኑ

ለሁለት መካከለኛ ዳቦ የሚሆን ሚዛናዊ መጠን ይኸውና። 500 ግራም ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 9 ግራም ጨው፣ 8 ግራም ደረቅ ፈጣን እርሾ፣ ሦስት እንቁላል፣ 150 ግራም ወተት፣ በመጨረሻም 120 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ። በዳቦ ጋጋሪዎቹ ስሌት ስኳሩ 16፣ ቅቤው 24 ነው። ለንጽጽር ያህል ብሪዮሽ የሚባለው የፈረንሳዮች ዳቦ ቅቤው 50 ሊደርስ፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ለጀማሪ ግን እዚያ ድረስ መሄድ ራስን ማስቸገር ነው። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ የዳቦ ዱቄት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ይህን ሁሉ ሸክም የሚሸከመው ግሉተኑ ነውና።

በኩባያ አትለኩ። አንድ ኩባያ ዱቄት ታጭቆ ሲሞላና ለቀቅ ብሎ ሲሞላ ክብደቱ በጣም ይለያያል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ከማንኛውም ውድ ዕቃ በላይ ይጠቅማል።

ዳቦው ለቀናት ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ጥሩ ዘዴ አለ። ከላይ ካለው መጠን 30 ግራም ዱቄት ቀንሳችሁ ከ150 ግራሙ ወተት ጋር በጥብጡት። በዝግታ እሳት እያማሰላችሁ ገንፎ መሰል እስኪሆን አብስሉት። 65 ዲግሪ ሲደርስ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃውን ይይዘዋል፤ ማንኪያው ያለፈበት መንገድም ሳይደፈን ይቀራል። ያኔ አውርዱት። ከቀዘቀዘ በኋላ ከቀረው ዱቄትና ከሌላው ጋር ይታሻል። ያ የተያዘ ውሃ ኦቨን ውስጥም በቀላሉ አይወጣም። ሊጡ ጠንከር ካለባችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሩ።

ኩፍ ማለቱና የፍሪጅ ነገር

«ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት» የሚለው ምክር ለተራ ዳቦ ነው። ለዚህኛው ጣጣ አለው። ቅቤ ከ30 ዲግሪ በላይ መፍሰስ ይጀምራል። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ስብ፣ የካካዎ ቅቤ የሚባለው፣ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ቸኮሌት አፍ ውስጥ የሚሟሟውም በሰውነታችን ሙቀት ስለሚቀልጥ ነው። ሊጡ 35 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ከተቀመጠ ቅቤውም ቸኮሌቱም ይፈሳሉ፤ ከሥር ተንጣሎ የሚገኘው ያ ነው። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ በቂ ነው። ቀስ ይላል። ይበል።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ግን ፍሪጅ ነው። ሊጡ ታሽቶ እንዳለቀ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ፤ ትንሽ ሲያብጥ ፍሪጅ ይግባና ይደር። በቅዝቃዜው እርሾው ሥራውን ያቀዘቅዛል እንጂ አያቆምም፤ ጣዕሙም እየዳበረ ይሄዳል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ቅቤው ይጠነክራል። ትናንት እጅ ላይ ሲጣበቅ የነበረው ሊጥ ጠዋት በመዳመጫ እንደ ልብ የሚለጠጥ ይሆናል። ይህን ደረጃ ለመዝለል ቸኩሎ ለስላሳ ሊጥ ላይ ቸኮሌት መቀባት መጨረሻው ኩሽናውን መቀባት ነው።

ቸኮሌቱ በየት ይግባ?

ቸኮሌት ወደዚህ ዳቦ የሚገባበት መንገድ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ችግራቸው የተለያየ ነው።

አንደኛው የካካዎ ዱቄት ሊጡ ውስጥ መጨመር ነው። ካካዎ ውሃ በጣም ይጠጣል። 30 ግራም ካካዎ ከጨመራችሁ ያንኑ ያህል ዱቄት ቀንሱና ወተቱን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስኳር የለውምና ይመራል። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው። ሊጡ ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ መብሰሉን በዓይን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው የቸኮሌት ፍርፋሪ ነው። ለመጋገሪያ ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ ፍሬዎች የካካዎ ቅቤያቸው ብዙ ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ቸኮሌት ከትፋችሁ ብትጨምሩ ግን ቀልጦ ደስ የሚል ገንዳ ገንዳ ይሠራል። የትኛውም ቢሆን መታሸቱ ካለቀ በኋላ፣ ከፍሪጅ እንደወጣ ይግባ። ገና ከሚክሰር የወጣ ሊጥ ስለሚሞቅ ቸኮሌቱን አቅልጦ ያዥጎረጉረዋል። ላይ ላይ የወጡትን ወደ ውስጥ ግፏቸው፤ ውጭ የቀረ ቸኮሌት ያርራል፣ ይመራል።

ሦስተኛው፣ እኔ የማዳላለት፣ ተቀብቶ የሚጠቀለለው ነው። ባብካ የሚባለው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ዳቦ በዚህ መንገድ ይሠራል። 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከ100 ግራም ቅቤ ጋር በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ አቅልጡ። 60 ግራም የተፈጨ ስኳርና 30 ግራም ካካዎ ጨምራችሁ አዋሕዱት። ሲቀልጥ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ትንሽ ውሃ የገባበት የቀለጠ ቸኮሌት ወዲያው ይጓጉላል፤ ደረቁ ካካዎና ስኳሩ እርጥበቱን ይዘው ስለሚጣበቁ ነው። ከዚያ አቀዝቅዙት። ቀጭን ሆኖ የሚፈስ ከሆነ ገና ነው። ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ነገር ሲወፍር ትክክል ነው። ትኩሱን የቀባ ሰው የሊጡን ቅቤ አቀለጠ፣ ጥቅልሉንም አንሸራተተ።

ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ስትሠሩ ሌላው ፍሪጅ ይቆይ። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በአራት ማዕዘን ዳምጡት። ቸኮሌቱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ዳር ዳሩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተዉለት። ከረጅሙ ጎን ጀምራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ለቀቅ ብሎ የተጠቀለለ ሲጋገር በቸኮሌቱና በዳቦው መካከል ዋሻ ይፈጠርበታል። ሲጨመርም ብዙ አይሁን። ቸኮሌቱ በበዛ ቁጥር እንፋሎቱ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋውና ዋሻው ይሰፋል።

አሁን ጥቅልሉን 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት። ሲጠነክር በስለታም ቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁት። ውስጡ ጥቁርና ነጭ ሽንትር ሆኖ ይታያል። የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ እንዳለ ሁለቱን እንደ ሹሩባ እያቆላለፋችሁ ግመዷቸው። ወረቀት በተነጠፈበት የዳቦ ፎርማ ውስጥ አስገቡት። ጫፉ ቢዛነፍ፣ ቸኮሌቱ እጃችሁን ቢያጨቀይ አትጨነቁ። ሲጋገር ሁሉም ያምርበታል።

ሁለተኛው ኩፍታና ኦቨኑ

ከፍሪጅ የወጣ ሊጥ መጀመሪያ ብርዱ እስኪለቀው ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት የተለመደ ነው፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም ይበልጣል። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ጉድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው። ቀስ ብሎ፣ በከፊል ብቻ ከተመለሰ ኦቨን ይግባ። ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ሳትዘገዩ ጋግሩት።

የእነዚህ ዳቦዎች ትልቁ ስህተት እሳት ላይ ነው። ተራ ዳቦ 220 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ግን ስኳር፣ ወተትና እንቁላል ስላለው ቶሎ ይቀላል። ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተገናኝተው ቀለምና መዓዛ የሚሰጡበትን ሂደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ሂደቱም እስካሁን በእሱ ስም ይጠራል። ዳቦአችን ለዚህ ሂደት የሚሆነው ነገር ሞልቶ ተርፎታል። ስለዚህ 175 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለዚህ መጠን 35 ደቂቃ ገደማ። ላዩ ቀድሞ ከቀላ አሉሚኒየም ፎይል ጣል አድርጉበት። ኦቨኑን ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም።

በስሎ እንደሆነ ለማወቅ ጭራሮ ወይም ስንጥር መውጋት እዚህ አይሠራም። ቸኮሌት ይዞ ይወጣና «ሊጥ ነው» ያሰኛል። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከመሐል ውጉት። ቸኮሌቱን ሳይሆን ዳቦውን መንካቱን እርግጠኛ ሁኑ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩ። 90 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በስሏል። 80 ላይ ከወጣ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ይሰረጉዳል።

ዳቦው ኦቨን ውስጥ እያለ 100 ግራም ስኳርና 100 ግራም ውሃ አፍልታችሁ ሽሮፕ አዘጋጁ። ዳቦው እንደወጣ፣ በትኩሱ፣ በብሩሽ ቀቡት። ያብረቀርቃል፤ እርጥበቱንም ይይዝለታል። ብዙ ሽሮፕ ነው ብላችሁ አትሳሱ፤ ለሁለቱም ዳቦ ይዳረሳል።

ከዚያ የሚከብደው ክፍል ይመጣል፦ አለመቁረጥ። ትኩስ እያለ ከተቆረጠ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ቸኮሌቱም ይፈሳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቅ። ፎርማው ውስጥ ግን ሩብ ሰዓት ብቻ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ በእንፋሎት ይርሳል።

የተረፈውን በፍሪጅ አታስቀምጡ። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። በሙቀት የተፍታታው ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠነክርም ነው፤ ይህም በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፈጥናል። በደንብ ተጠቅልሎ ውጭ ቢቀመጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ቆርጣችሁ ወደ ፍሪዘር ክተቱት። ስትፈልጉት የሚበቃችሁን ያህል አውጥታችሁ፣ በረዶው ሲለቀው 150 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ስምንት ደቂቃ አሙቁት። ቸኮሌቱም መልሶ ይለሰልሳል።